የመሥሪያ ቤት አማርኛ፤ «አክሩ» የተባለው የእንግሊዝኛ ግሥ በአማርኛ ስንት ስም አለው?



በዚህ አምድ ስለ ደብዳቤ አጻጻፍና ስለ መሥሪያ ቤት ቃላት ስንነጋገር ሰንብተናል። የዛሬው ቃላችን ግን የአማርኛ ሳይሆን የእንግሊዝኛ ነው፤ ይኸውም «አክሩ» የሚባለው ግሥ ነው። ሲነገር ድምፁ የሚያርፈው በኋለኛው ክፍል፣ በ«ክሩ» ላይ ነው። በሒሳብ ክፍል፣ በሕግ ክፍልና በሠራተኞች አስተዳደር በኩል በእንግሊዝኛ ተጽፈው ከሚመጡት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ይህን ግሥ ይዘው ይመጣሉ። ደብዳቤውን ወደ አማርኛ መልሶ ለአለቃው የሚያቀርበው ጸሐፊ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አማርኛን በትምህርት ቤት ወይም በሥራ ላይ የተማረ እንጂ በልጅነቱ ከእናቱ ጋር የተነጋገረበት አይደለም። የዚህ አምድ ጸሐፊም ከእነዚሁ አንዱ ስለ ሆነ ችግሩን ከሩቅ አያወራውም።

መዝገበ ቃላት የገለጠ ሰው በ«አክሩ» አንጻር «ተጠራቀመ፣ ተከማቸ» የሚል ትርጓሜ ያገኛል። ትርጓሜው ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ይህንኑ አንድ ቃል ይዞ በየደብዳቤው ላይ የሚለጥፍ ተርጓሚ ውሎ አድሮ መሰናከሉ አይቀርም፤ እንግሊዝኛው በአንድ ግሥ ጠቅልሎ የሚያልፈውን ነገር አማርኛ ለያይቶ መጥራት ይወዳልና።

በመጀመሪያ የቃሉን ትውልድ እንመልከት። ሥሩ «ክሬስኬሬ» የሚለው የላቲን ግሥ ነው፤ ትርጉሙም ማደግ ማለት ነው። «ወደ» የሚል ፍች ያለው ፊደል በፊቱ ሲታከልበት «በላዩ አደገ፣ ተጨመረበት» የሚል አሳብ ይሰጣል። ቃሉ ከላቲን ወደ ጥንታዊው ፈረንሳይኛ፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝ አገር ፍርድ ቤቶች ገባ። ኖርማኖች በ1066 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንግሊዝን ድል አድርገው ከያዙ በኋላ የዳኞችና የጠበቆች ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆኖ ነበር። በ1362 ክርክር በእንግሊዝኛ እንዲሰማ ሕግ ወጣ፤ ነገር ግን የሕግ ሰዎች የለመዱትን እንደ ያዙ ብዙ ዘመን ቈዩ። በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ እንዳይጻፍበት በቍርጥ የተደረገው በ1733 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ነው። የአገሩ ሕዝብ በማይናገርበት ቋንቋ ተከራክሮ መፍረድና መፈረድ ምን እንደሚመስል በእኛ ክፍለ ዓለም ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

«አክሩ» ከዚያ ዘመን ከተረፉት ቃላት አንዱ ስለ ሆነ ዛሬም ጠረኑ የችሎትና የመዝገብ ነው። እንግሊዞች በጓዳና በገበያ አይጠሩትም። አቧራ በመደርደሪያ ላይ ሲከማች፣ በረዶ በጣራ ላይ ሲቈለል በሌላ ግሥ ይናገራሉ፤ «አክሩ» የሚሉት ወለድን፣ ዕዳን፣ ደመወዝን፣ የዕረፍት ፈቃድን፣ ጥቅምንና መብትን ነው። ከሥሩ የወጡት ዘመዶቹ ግን ከመዝገብ ቤት ውጭም ይገኛሉ። አዲስ ጨረቃ ማደግ ስትጀምር የሚታየው ቅርጽዋ «ክሬሰንት» የተባለው፣ ያንኑ ቅርጽ የያዘው የፈረንሳዮች የቍርስ ዳቦ «ክሯሳን» የተባለው፣ ለሠራዊት አዲስ የተመለመለው ወታደር «ሪክሩት» የተባለው ሁሉ ከዚሁ ከማደግ ነው። የመርከብ ሠራተኞችን በአንድነት የሚጠራው «ክሩ» የተባለው ቃል እንኳ በመጀመሪያ በጦር ላይ የሚጨመረውን ረዳት ኃይል የሚያመለክት ነበር።

እንግሊዝኛው እንግዲህ ነገሩን የሚያየው እንደሚያድግ ተክል ነው። አማርኛ ግን ገንዘብን እንደ ላም ያየዋል። ዋናው ገንዘብ ይወልዳል፤ ልጁም «ወለድ» ይባላል። በዚህ አሳብ አማርኛ ብቻውን አይደለም። የጥንት ግሪኮች ለወለድ የሰጡት ስም «ቶኮስ» ሲሆን ቃሉ መውለድንና ልጅንም ያመለክት ነበር፤ አርስቶትል ገንዘብ ገንዘብን መውለዱ ከተፈጥሮ ሥርዓት የወጣ ነው ብሎ ሲነቅፍ ይህንኑ ቃል መነሻ አድርጓል። ዐረቦች «ሪባ» ሲሉ መጨመርን ማለታቸው ነው። በአማርኛ ከልክ ያለፈው ወለድ ስሙ ተለይቶ «አራጣ» ይባላል፤ ሁለቱን ያምታታ ጸሐፊ በአንድ ቃል ብቻ አንድን የታወቀ ባንክ ወንጀለኛ ሊያደርገው ይችላልና ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ግሦቹ እንምጣ። «ተጠራቀመ» የሚለው ግሥ ጥቂት በጥቂት መብዛትን ያሳያል። የባላገር ሴት ቅቤ ለማውጣት ወተት ታጠራቅማለች፤ ዛሬ የታለበው በትናንቱ ላይ እየተጨመረ ለመናጥ እስኪበቃ ድረስ ይቈያል። በጐድጓዳ ሥፍራ የዝናብ ውሃ ይጠራቀማል፤ በሰነፍ ሹም ጠረጴዛ ላይ ያልታየ መዝገብ ይጠራቀማል። ስለዚህ ቀን በቀን እየተጨመረ ለሚሄድ ነገር ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ግሥ ነው። «ተከማቸ» ግን ክምሩን እንጂ ዕድገቱን አያሳይም። እህል በጐተራ፣ ዕቃ በግምጃ ቤት ይከማቻል፤ ዕቃው ሁሉ በአንድ ጧት በ10 የጭነት መኪና ተጭኖ ቢመጣም ተከማቸ ይባላል። «ወለዱ ተከማቸ» ቢባል ሰሚው አይረዳም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ጊዜ የሚባለው ነገር ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቶ ይቀራል።

«ተሰበሰበ» ከሁለቱም የራቀ ነው። የተሰበሰበ ነገር ሰብሳቢ አለው፤ ሰብሳቢውም በእጁ አስገብቶታል። ግብር ይሰበሰባል፣ መከር ይሰበሰባል፣ የዕቁብ ገንዘብ ይሰበሰባል። ዕቁብን ካነሣን አይቀር፣ ለዚህ ትምህርት መልካም ምሳሌ የሚሆነው እርሱ ነው። 20 ሰዎች በየወሩ 500 ብር ቢያዋጡ 10 ሺህ ብር ተሰብስቦ ዕጣ ለወጣለት ይሰጣል፤ ያ 10 ሺህ ብር ከተዋጣው በአንድ ሳንቲም አይበልጥም፣ አያንስምም። ሳይወልድ ተሰብስቦ ሳይወልድ ይከፈላል። በባንክ ወለድ የሚታሰብለት 10 ሺህ ብር ግን ባለቤቱ ተኝቶ ሲያድር እርሱ ሲጨምር ያድራል። እንግሊዞች «አክሩ» የሚሉት ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ስለ ዕቁቡ ግን እንዲህ ብሎ መናገር አይገባም።

ልዩነቱ በወረቀት ላይ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ስሙን በማንጠራው አንድ የሥራ ቦታ የደረሰውን እንናገር። በዘበኝነት ያገለግሉ የነበሩ አንድ ሰው የ3 ወር ደመወዝ ሳይቀበሉ ታመው ዐረፉ። የሒሳብ ሹሙ የውጭ አገር ሰው ስለ ነበር ለዋናው መሥሪያ ቤት የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለሟቹ የ3 ወር ደመወዝ «አክሩድ» ሆኖ እንደሚገኝና ለወራሾቻቸው እንዲከፈል የሚያሳስብ ደብዳቤ ነበር። ተርጓሚው «ሟቹ የሰበሰቡት የ3 ወር ደመወዝ» ብሎ መለሰው። መዝገብ ቤቱም ይህን አንብቦ «ሟቹ ከሰበሰቡት እንግዲያው የሚከፈል የለም» በማለት ወረቀቱን ከተዘጉት ጉዳዮች ጋር አስቀመጠው።

ሚስትየዋ በመጡ ጊዜ የተቀበላቸው ወጣት ጸሐፊ ክፉ ሰው አልነበረም።

«እሜቴ፣ ባለቤትዎ ገንዘቡን በሕይወት ሳሉ ተቀብለዋል። ወረቀቱ ይኸው።»

«ልጄ፣ ተቀብለው ቢሆን ኖሮ መድኃኒታቸውን በብድር እገዛ ነበርን?»

«እኔ ምን ላድርግ እሜቴ፤ የተጻፈው ይህ ነው።»

ሴትዮዋ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጊዜው ቆሞ አልጠበቃቸውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ ክፍያው ከሚገባበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ እንደሚታገድ ይደነግጋል፤ ከስድስቱ ወር አራቱ አልፎ ነበር። በመጨረሻ አንድ በዕድሜ የገፉ ገንዘብ ያዥ የደመወዝ መክፈያውን ዝርዝር ገልጠው በሟቹ ስም አንጻር ፊርማም የጣት አሻራም እንደሌለ አዩና «ሰብስበው ከሆነ የፈረሙበት ወዴት አለ?» ብለው ጠየቁ። ነገሩ የተፈታው በዚህ ጥያቄ ነው። ደብዳቤው እንደ ገና ተጻፈ፤ «የሰበሰቡት» በሚለው ፋንታ «ሠርተውበት ያልተከፈላቸው የ3 ወር ደመወዝ» የሚል ቃል ገባ፤ ገንዘቡም ለወራሾቹ ተከፈለ።

ልብ በሉ፤ የታረመው ደብዳቤ «የተጠራቀመ» የሚለውን ቃል እንኳ አልፈለገም። ደመወዙ በ3 ወር ውስጥ ጥቂት በጥቂት መጨመሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ደብዳቤው ሊናገር የፈለገው ጕዳይ ሌላ ነበር፤ ይኸውም ገንዘቡ የማን እንደ ሆነና በእጁ እንዳልገባ ነው። «አክሩ» የተባለውን ግሥ ያገኘ ተርጓሚ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ጸሐፊው የፈለገው መጨመሩን ነው ወይስ ባለቤቱን፣ የመክፈያውስ ቀን ደርሷል ወይስ አልደረሰም ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት። መልሱን ካገኘ ግሡ በራሱ ይመጣለታል።

የመክፈያውን ቀን ነገር ካነሣን «ውዝፍ» የሚለውን ቃል ማለፍ አይቻልም። ብዙ ጸሐፊዎች «አክሩድ» ሲያዩ «ውዝፍ» ብለው ይጽፋሉ፤ ቃሉ የመሥሪያ ቤት ሽታ ስላለው ይወዱታል። ነገር ግን ውዝፍ ማለት ቀኑ ደርሶ፣ ቀኑም አልፎ ሳይከፈል የቀረ ማለት ነው። አንድ ሰው ሐምሌ 1 ቀን ገንዘብ ተበድሮ ወለዱን በዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ሊከፍል ተዋውሏል እንበል። ሚያዝያ 30 ቀን ላይ የ10 ወርና የጳጉሜን ወለድ ተጠራቅሞበታል፤ እንግሊዝኛው ስለዚህ ወለድ ያለ ሐሰት «አክሩድ» ይላል። ሰውዬው ግን ምንም አላጠፋም። «ውዝፍ ወለድ አለብዎት» የሚል ደብዳቤ ቢደርሰው ተሰደብሁ ማለቱ አይቀርም፤ እውነትም ተሰድቧል። ሰኔ 30 ቀን ሳይከፍል አልፎ ሐምሌ 1 ቀን ከጠባ ያን ጊዜ ውዝፍ ቢባል ይገባዋል።

ፍርድ ቤቶቻችን ለዚህ ነገር አንድ የታወቀ አነጋገር አላቸው፤ ሰምታችሁት እንደምታውቁ አያጠራጥርም። ዳኛው ተከሳሹን ገንዘብ እንዲከፍል ሲፈርዱበት ከዚህ ቀን ጀምሮ ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ «9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ እየታሰበ» እንዲከፍል ይላሉ። 9 በመቶ የሚለው ከራስ የመጣ አይደለም፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1751ኛው አንቀጽ የወሰነው ነው። ያ ሕግ በረቂቁ የተጻፈው ሬኔ ዳቪድ በተባሉት የሕግ ሊቅ በፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ወደ አማርኛ የመለሱት ሰዎች ዛሬ እኛ ያለንበት ችግር በብዙ እጥፍ ደርሶባቸው እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። የ«እየታሰበ»ን ነገር ግን በደንብ እንየው። «ታሰበ» ማለት ብቻውን ተቈጠረ፣ ተሰላ ማለት ነው፤ ጊዜ የለበትም። ጊዜውን ያመጣው «እየ» የምትለው ትንሽ ቃል ናት። እንግሊዝኛው በግሡ ሆድ ውስጥ ያስቀመጠውን የጊዜ መርዘም አማርኛ ከግሡ በፊት አውጥቶ ያሳየዋል፤ እየታሰበ፣ እየተጨመረ፣ እየተጠራቀመ ይላል። አማርኛን አዲስ የምትማሩ ሁሉ «እየ»ን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ከብዙ ረጃጅም ቃላት ይልቅ እርስዋ ትረዳችኋለች።

በቍጥር ማየት ለሚወድ፣ 10 ሺህ ብር በዓመት 9 በመቶ ሲታሰብ 900 ብር ይወልዳል። ለ365 ቀን ቢካፈል በየቀኑ 2 ብር ከ47 ሳንቲም ያህል ማለት ነው። እንግሊዝኛው «ኢንተረስት አክሩዝ ዴይሊ» ያለውን አማርኛው «ወለዱ በየቀኑ ይታሰባል» ይለዋል። ጳጉሜንም ቀን ነው፤ በአምስቱ የጳጉሜን ቀናት 12 ብር ከ33 ሳንቲም ይጨመራል። የወር ደመወዝተኛ ለጳጉሜን የተለየ ደመወዝ እንደማይቈጠርለት ሁላችንም እናውቃለን፤ ዕዳ ግን ጳጉሜንን ረስቶ አያውቅም። ይህን የምናነሣው ለማዘን ሳይሆን በቀን የሚታሰበውንና በወር የሚታሰበውን ለይቶ መጻፍ እንደሚገባ ለማስታወስ ነው።

ከዚህ በኋላ በጣም የሚያሳስተው የሕግ ክፍል አጠቃቀም ነው። በእንግሊዝኛ የክስ ምክንያትም «አክሩ» ያደርጋል ይባላል። በ1980 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የእንግሊዝ የይርጋ ሕግ በውል ላይ የተመሠረተ ክስ የክሱ ምክንያት «አክሩ» ካደረገበት ቀን አንሥቶ በ6 ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል። እዚህ ላይ የሚጠራቀም ነገር የለም። የክስ ምክንያት እንደ ወተት ቀስ በቀስ አይበዛም፤ ውሉ በፈረሰበት ቀን አንድ ጊዜ ይፈጠራል። ስለዚህ «የክስ ምክንያት ከተጠራቀመበት ቀን» ብሎ መጻፍ አንባቢውን ስንት ቂም ተይዞ ይሆን ያሰኘዋል። አማርኛው «የክስ ምክንያቱ ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ» ወይም «መብቱን ሊሠራበት ከሚችልበት ቀን ጀምሮ» ይላል። የእኛው የፍትሐ ብሔር ሕግም በ1845ኛው አንቀጽ ለውል ጉዳይ በመደበኛው 10 ዓመት ከሰጠ በኋላ፣ ቀኑ መቈጠር የሚጀምረው ግዴታው ከሚፈጸምበት ወይም መብቱ ሊሠራበት ከሚቻልበት ቀን መሆኑን በተከታዩ አንቀጽ ያስረዳል። ከላይ ያነሣናቸው ሴትዮ የ6 ወር ጕዳይም ከዚሁ ከመነሻ ቀን ጋር የተያያዘ ነው፤ የመነሻውን ቀን አሳስቶ የተረጐመ ሰው የሰውን ገንዘብ በወር ወይም በዓመት ሊያሳጥርበት ይችላል።

ጥቅምም እንዲሁ ነው። ከአዲስ መንገድ ለሕዝቡ «የሚያክሩ» ጥቅም አለ ሲል እንግሊዝኛው፣ «ለሕዝቡ የሚጠራቀም ጥቅም» ማለት አያስፈልግም፤ «ሕዝቡ ከመንገዱ የሚያገኘው ጥቅም» ማለት ይበቃል። ንብረት ለወራሽ ሲሆን «የሚደርሰው ድርሻ»፣ ለሠራተኛ ሲሆን «የሚገባው» ይባላል። «የሚገባው» የምትለዋ ቃል አጭር ናት፤ ነገር ግን መብትንና ተገቢነትን በአንድነት ይዛለች። በእንግሊዝኛው ግሥ ውስጥ ይህ የተገቢነት አሳብ እንደ ጥላ ነው ያለው፤ አማርኛው ሰውነት ሰጥቶታል።

የዓመት ፈቃድ ነገር ቀለል ያለ ስለ ሆነ ብዙ አንቈይበትም። በአዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያም ለየሁለት ተጨማሪ ዓመት 1 ቀን ይጨመርለታል፤ ፈቃዱም ከ2 ዓመት በላይ ሊተላለፍ አይችልም። ይህ እውነተኛ መጠራቀም ነው፤ «የተጠራቀመ የዓመት ፈቃድ» ቢባል ያምራል፣ ትክክልም ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጠበቅ፤ «ፈቃዱ ተጠራቀመ» እንጂ «ሠራተኛው ፈቃድ አጠራቀመ» አይባል። ሁለተኛው አነጋገር ሰውዬው ሆን ብሎ ያደባ ያስመስለዋል። በእንግሊዝኛ ዛሬ ሰው ራሱ ፈቃድን «አክሩ» አደረገ ብሎ መጻፍ ተለምዷል፤ ጥንቁቅ ጸሐፊዎች ግን አሁንም ገንዘቡን ወይም ፈቃዱን ባለቤት አድርገው መናገርን ይመርጣሉ፤ በዚህ ነገር አማርኛና የቀድሞው እንግሊዝኛ ይስማማሉ።

የሒሳብ ሠራተኞች ደግሞ «አክሩዋል» የሚል ስም ከዚሁ ግሥ አውጥተው እንዳለ በአማርኛ ንግግራቸው ውስጥ አስገብተውታል። አሳቡ አስቸጋሪ አይደለም። መሥሪያ ቤት በሰኔ የተጠቀመበት የመብራት ሒሳብ ወረቀቱ በሐምሌ ቢመጣ፣ ወጪው የሰኔ ነው ወይስ የሐምሌ? ገንዘብ ከካዝና የወጣበትን ቀን የሚከተል ሒሳብ «የሐምሌ ነው» ይላል። በ«አክሩዋል» የሚሠራ ግን መብራቱ የበራው በሰኔ ነውና የሰኔ ነው ብሎ ባለፈው የበጀት ዓመት መዝገብ ላይ ይጽፈዋል። ሰኔ 30 ቀን በጀት በሚዘጋበት አገር ይህ ልዩነት የአንድ ቀን ብቻ ሳይሆን የአንድ ዓመት ልዩነት ይሆናል። ስሙን በአማርኛ ለመጥራት «የተጠራቀመ ሒሳብ» የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን በደብዳቤ ውስጥ ሲመጣ «አገልግሎቱ የተገኘበት፣ ገና ያልተከፈለ ወጪ» ብሎ ማስፋት ይሻላል እንላለን። ረዥም ነው፤ ነገር ግን የሒሳብ ትምህርት ያልተማረ ሹምም ይረዳዋል።

ትግርኛ ተናጋሪ ለሆናችሁ አንባብያን ለብቻው የምንናገረው አለን። በእኛ ቋንቋ «ተዋህለለ» የሚል ውብ ግሥ አለ፤ ልምድም ሀብትም ዕዳም ሲዋህለል ይኖራል፣ ለ«አክሩ»ም ከሌሎቹ ይልቅ ይቀርባል። አማርኛው ውስጥ ግን አቻውን በዚያው መልክ አትፈልጉት፤ አይገኝም። «ዓቆረ» የሚለውም ያታልላል። በትግርኛ ውሃም ገንዘብም ይዕቆራል፤ በአማርኛ «አቆረ» ለውሃ ብቻ የቀረ ነው። የክረምትን ውሃ ማቆር ይባላል፤ «በባንክ ያቆርሁት ገንዘብ» ያለ ሰው ግን ገንዘቡን ኩሬ ውስጥ የጨመረው ይመስላል። በአማርኛ ገንዘብ ይቈጠባል ወይም ይጠራቀማል።

እስቲ አሁን እናንተ ሞክሩት። አንድ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ስለ አንድ ጡረተኛ ሲናገር ሦስት ጊዜ «አክሩ» ብሏል እንበል፤ መጀመሪያ ጡረተኛው በባንክ ስላስቀመጡት ገንዘብ ወለድ፣ ሁለተኛ ከሥራ ሲሰናበቱ ሳይወስዱት ስለ ቀረው የዓመት ፈቃድ፣ ሦስተኛ ጥያቄ የማቅረብ መብታቸው ስለ ተፈጠረበት ቀን። ሦስቱን በሦስት ዓረፍተ ነገር፣ አንዱንም ግሥ ሳትደግሙ ጽፋችሁ ላኩልን። ጡረተኛውን «እርስዎ» ማለትን እንዳትረሱ።